ባትሪውን ማን በላው

የሰው ልጅ አንድ ዕቃ ሲበላሽበት ከሁለት ጥያቄ አንዱን ይጠይቃል። «ምን ነካው?» ይላል፤ ወይም «ማን ነካው?» ይላል። ሲሰሟቸው የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። አይደሉም። የመጀመሪያውን የሚጠይቅ ሰው ካቻቢቴ ያነሳል፤ ሁለተኛውን የሚጠይቅ ሰው ወረቀትና እስክሪብቶ ያነሳል። ካቻቢቴ ያነሳው ቢሳሳት፣ ቢበዛ ቢበዛ አንድ ፊውዝ ይቃጠላል። ወረቀት ያነሳው ሲሳሳት ምን እንደሚቃጠል ዕድሜያችሁ የደረሰ ታውቁታላችሁ፤ ያልደረሰ ደግሞ ፈጣሪያችሁን አመስግኑ።

እኔ በሙያዬ ኤሌክትሪሺያን ነኝ። ማለቴ፣ ነበርኩ። በደርግ ዘመን ጉለሌ ካሉት ፋብሪካዎች በአንዱ የጥገና ክፍል እሠራ ነበር፤ ቤቴም እዚያው ሠፈር ነው። ቀን የፋብሪካውን ሞተሮች ሳክም እውላለሁ፤ ከሥራ ስወጣ ደግሞ የቀበሌውን አምፖል፣ የቀበሌውን ድምፅ ማጉያ፣ የቀበሌውን ሬዲዮ አክማለሁ። የቀበሌውን የምሠራው በነፃ ነው። በነፃ ስላችሁ ግን በደስታ ማለቴ አይደለም። ያን ጊዜ ቀበሌ «ና!» ሲል «ለምን?» ብሎ የሚመልስ፣ ኑሮ ያንገሸገሸው ሰው ብቻ ነበር። እኔን ደግሞ ኑሮ አላንገሸገሸኝም። ሚስት ነበረችኝ፣ ሁለት ልጆች ነበሩኝ፣ ሽሮ እወድ ነበር።

ወደ ነገሬ ልግባ። ከአብዮቱ በፊት አንድ ፈረንጅ ከነሚስቱ በትልቅ መኪና አገር ላገር ሲዞር ቆይቶ ቁስቋም ዳገት ላይ፣ ባሕር ዛፉ ሥር ሰፈረ። መኪናው ተራ መኪና አልነበረም። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ ይቅርታ አድርጉልኝና መጸዳጃ ቤት ሳይቀር አለው። ከኋላው በኩል በብረት ሳጥን ውስጥ አንዲት ትንሽ ጄኔሬተር ተቀምጣለታለች፤ ዳገቱ ላይ የመብራት መስመር ስላልደረሰ ሰውዬው በእሷ እያበራ፣ በእሷ እያቀዘቀዘ ይኖር ነበር። ግርግሩ ሲጀምር መኪናውን እንደቆመ ጥሎ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ሄደ። ብልህ ሰው ነበር።

ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ይሁን የተባለ ጊዜ ቀበሌያችን በዚህ መኪና ጉዳይ ስብሰባ ተቀመጠ። መኪና ነው እንዳይባል በር፣ መስኮትና ማጀት አለው። ቤት ነው እንዳይባል መሪ አለው። ሦስት ሰዓት ከተከራከርን በኋላ ሊቀመንበሩ ጓድ ፈለቀ ተነሡና «ሰው የሚተኛበት ነገር ሁሉ ቤት ነው» ብለው ቆረጡት። ተወረሰ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም የቤት ቁጥር ተጻፈበት። ቤት ከሆነ ደግሞ ጎማ ምን ያደርግለታል ተባለና ጎማዎቹ ተፈትተው በድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቶችና ሕፃናት እንዲከተቡበት ለጤና አገልግሎት ሲሰጥ፣ እዚያው ድንጋዩ ላይ እንደተቀመጠ «ተንቀሳቃሽ ክሊኒክ» የሚል ሰሌዳ ተለጠፈበት። አትሳቁ። እኛም አልሳቅንም።

በክሊኒኩ ሲስተር አፀደ የምትባል ነርስ ተመደበች። ክትባቷን በፈረንጁ ፍሪጅ ታስቀምጣለች፤ ፍሪጁ በጄኔሬተሯ ይሠራል። ዘበኛው ደግሞ ጋሽ ቱፋ ነበሩ። ጋሽ ቱፋ የዚያው የእንጦጦ ዳገት ሰው ናቸው፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ነገር የማይወዱ አዛውንት። ከሚስታቸው ጋር በኦሮምኛ ያወራሉ፣ ከቀበሌው ጋር በአማርኛ፤ ከመኪናው ጋር ግን በሁለቱም ያወሩ ነበር። በየማለዳው ጨርቅ ይዘው አቧራውን ሲጠርጉለት «ደህና አደርክ? አካም ቡልቴ?» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንዲት በሦስት ድንጋይ የምትሠራ ትንሽ ሬዲዮ አለቻቸው፤ ድንጋይ የምንለው ያንን ክብ የባትሪ ድንጋይ ነው። ሀብታቸው እሷ ነበረች።

ጄኔሬተሯ የምትነሣው በቁልፍ ነው። ቁልፉ ሲጫን አጠገቧ የተቀመጠ ትንሽ ባትሪ ሞተሪኖዋን ያዞራል፤ ሞተሪኖው ደግሞ እሷን ይቀሰቅሳል። አንድ ሰኞ ጠዋት ሲስተር አፀደ ቁልፉን ብትጫን «ጭ» ብሎ ዝም። ባትሪው ባዶ ሆኗል። በወዛደር ትከሻ ወርዶ አዲሱ ገበያ ቻርጅ ተደርጎ ተመለሰ። ተነሣች። በሦስተኛው ቀን «ጭ»። ደግሞ ወረደ፣ ደግሞ ወጣ። በሦስተኛው ቀን «ጭ»። በረዶው ቀለጠ፣ ክትባቱ ተጣለ፣ ልጆቻቸውን አዝለው ዳገቱን የወጡ እናቶች እንዳዘሉ ወረዱ።

የሚቀጥለው ነገር ምን እንደሆነ መቼም ገብቷችኋል። ስብሰባ ተጠራ። ጓድ ፈለቀ ጠረጴዛውን በእስክሪብቶ መታ መታ አደረጉና «ባትሪውን ማን በላው?» አሉ። ምን በላው አላሉም። ከኋላ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፣ «ዘበኛው ሬዲዮ አላቸው» አለ። ይህቺን ብቻ። ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ እግር ሄደ። ሬዲዮ ካለ ያዳምጣሉ፤ ካዳመጡ ኃይል ከየት ያመጣሉ? ከባትሪው። እሺ፣ የሚያዳምጡትስ የየትኛውን አገር ጣቢያ ነው? በዚያ ዘመን ይህ ጥያቄ አንድ ጊዜ ከተነሣ መልስ አያስፈልገውም።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ ያን ቀን ንጹሕ ነበርኩ። የጋሽ ቱፋ ሬዲዮ በዚያ ባትሪ ላይ ብትሰካ በአንድ አፍታ ተቃጥላ እንደምትጨስ አውቃለሁ። ተነሣሁና «ጓድ ሊቀመንበር፣ መጀመሪያ ባትሪው ይመርመር» አልኩ። ጓድ ፈለቀ አየት አደረጉኝና «መልካም፣ ጓድ ዳምጤ። እስከ ቅዳሜ የበላውን ታገኝልናለህ» አሉ። ጋሽ ቱፋ ከአዳራሹ ጥግ ሆነው በዓይናቸው አመሰገኑኝ። ደረቴን ነፋ አድርጌ ወጣሁ።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከፋብሪካው ፈቃድ ጠይቄ ዳገቱን ወጣሁ። ባትሪው ቻርጅ ተደርጎ ያን ዕለት ጠዋት ተመልሷል። አሲዱን አየሁ፤ ልኩ ላይ ነው። ጫፎቹን ፈታሁ፣ ጠረግሁ፣ አጠበቅሁ። ጄኔሬተሯን አስነሥቼ ባትሪውን መልሳ መሙላት አለመሙላቷን ለካሁ፤ ትሞላለች። ታዲያ ምን ሆነ? እንዲህ ሲሆን አንድ ዘዴ አለ። ጄኔሬተሯን አጠፋሁ፣ ውስጥ ያለውን ሁሉ አጠፋሁ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ሽቦ ነቀልኩና በጫፉና በባትሪው መሃል አንዲት ትንሽ አምፖል አስገባሁ። ሁሉም ነገር ከጠፋ አምፖሏ መብራት የለባትም። በራች። ደብዘዝ ብላ፣ ግን በራች። አንድ የሚጠጣ ነገር አለ ማለት ነው።

ጋሽ ቱፋ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው አምፖሏን እያዩ «ይኸ ምን ይላል ዳምጤ?» አሉኝ።

«ሌባ አለ ይላል፣ ጋሼ።»

«የኔ ሬዲዮ ናት እንዴ?»

«አይደለችም። የርስዎ ሬዲዮ ከዚህ ጋር ምንም ጉዳይ የላትም።»

ፊውዞቹን አንድ ባንድ መንቀል ጀመርኩ። የፍሪጁን ነቀልኩ፤ አምፖሏ እንደበራች ነው። የጣሪያውን መብራት ነቀልኩ፤ እንደበራች ነው። የውሃውን ፓምፕ ነቀልኩ። ፊውዝ አለቀ፣ አምፖሏ አልጠፋችም። እንግዲያው በፊውዝ የማያልፍ፣ በቀጥታ ከባትሪው ላይ የተቀጠለ ሽቦ አለ። እጄን ከባትሪው ሥር ሰድጄ በዳበሳ አገኘሁት። ቀጭን ሽቦ ነው፤ በመኪናው ጀርባ፣ በመሰላሉ ብረት ተጠግቶ ወደ ጣሪያው ይወጣል። መቀጠያው ላይ ጥቁር ናስትሮ ተጠምጥሞበታል። ናስትሮውን አየሁት።

እኔ ግራኝ ነኝ። ናስትሮ የምጠመጥመው ሰው ሁሉ ከሚጠመጥምበት በተቃራኒ ነው፤ ሲያልቅ ደግሞ ጫፉን ትንሽ አጥፌ እለጥፈዋለሁ፣ ኋላ ለመፍታት እንዲመች። ጌታዬ ሆይ! ጫፉ ታጥፏል።

ትዝ አለኝ። በአብዮት በዓል ዋዜማ፣ አመሻሽ ላይ ጓድ ፈለቀ አስጠርተውኝ ከመኪናው ጣሪያ ላይ ለሚቆመው የመፈክር ሰሌዳ መብራት እንድቀጥል አዘዙኝ። ቀይ መስተዋት ነው፤ ከኋላው ስድስት ትናንሽ አምፖሎች። ትክክለኛው ቦታው የመኪናው ትልቁ ባትሪ ነበር፤ እሱ ግን ከፊት፣ ከሹፌሩ ወንበር ሥር ነው፤ ወንበሩ ደግሞ በብሎን የታሰረ ነው። የጄኔሬተሯ ትንሽ ባትሪ ከመሰላሉ ሥር፣ ከእጄ አጠገብ ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ ቤቴ መግባት አለብኝ። ለአንድ ምሽት ነው ብዬ እዚያው ላይ ቀጠልኩት። ማጥፊያ እንኳ አላበጀሁለትም። በማግሥቱ ሊነቀል!

አልተነቀለም። ከበዓሉ በኋላ በነበረው ስብሰባ ሰሌዳው ቀንና ሌሊት ሳይጠፋ እንዲኖር ተወሰነ። እኔ እዚያ ነበርኩ። ቀን ፀሐይ መስተዋቱ ላይ እያረፈ መብራቱ መኖሩን የሚያውቅ ሰው የለም፤ ሌሊት ደግሞ ሰዓት እላፊ ስለሆነ የሚያነበው የለም። ስድስት አምፖሎች ለጅብ ይበራሉ። ይህ ሁሉ ያኔም ይገባኝ ነበር፤ ግን ውሳኔው ሲነበብ ከሁሉም ጋር አጨብጭቤያለሁ። ጭብጨባ ደግሞ ሽቦ ያስረሳል።

ጋሽ ቱፋ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ዳምጤ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? ላይ ያለችው መብራት ሊነጋ ሲል ትደክማለች። ድክም፣ ድክም ትልና ትጠፋለች። በስብሰባው ላይ ልናገር ፈልጌ ነበር፤ ግን ይኼን እንዴት አድርጎ ሰው ይናገራል?» አሉኝ።

ሽማግሌው እኔ በመፈተሻ ያገኘሁትን በዓይናቸው አግኝተውታል። ማድረግ የነበረብኝ ምን እንደሆነ እናንተም ታውቃላችሁ፣ እኔም አውቃለሁ። «ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ በችኮላ ያለቦታው ቀጥዬው ነው» ማለት ብቻ ነበር። ዛሬ ስናገረው አሥር ቃል አይሞላም። ያን ጊዜ ግን ችኮላ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ስህተት የሚባልም አልነበረም፤ አሻጥር ብቻ ነበር። የመብራት ባለሙያ ሆን ብሎ የክሊኒኩን ባትሪ ከመፈክሩ ጋር አገናኝቶ ክትባቱንም መፈክሩንም ገደለ ሊባል ይችላል። ልጆቼ ታዩኝ። «አይንገሩ፣ ጋሼ። እንዳይናገሩ!» አልኳቸው። ለእሳቸው አስቤ መሰላቸው።

ሽቦዋን ያን ዕለት ባዛውራት «በምን ዳነ?» መባሉ አይቀርም። አንድ ዘዴ አሰብኩ። ባትሪውን አርጅቷል እላለሁ፤ ረጅም ቻርጅ ያስፈልገዋል ብዬ ወደ አዲሱ ገበያ እልከዋለሁ። ሰኞ መልሼ ስገጥመው ያቺን ሽቦ ዝም ብዬ ወደ ትልቁ ባትሪ አዛውራለሁ። ትልቁ ባትሪ ስድስት አምፖል ቢያሳድር ምንም አይለውም፤ ቀን ጄኔሬተሯ ትሞላዋለች። መብራቱም ይበራል፣ ፍሪጁም ይሠራል፣ ማንም አይነካም። በሙያዬ ከሠራኋቸው ዕቅዶች ሁሉ የተዋጣለት ነበር። የረሳሁት ከሰኞ በፊት ቅዳሜ መኖሯን ነው።

ቅዳሜ ስብሰባው ላይ ተነሥቼ «ባትሪው አርጅቷል፤ የሰው እጅ የለበትም» አልኩ።

ጓድ ፈለቀ ፈገግ አሉ። «ጓድ ዳምጤ፣ ባትሪ በራሱ አይሞትም።»

«ያረጃል፣ ጓድ። እንደማንኛውም ነገር ያረጃል።»

«የምትከራከረው ለባትሪው ነው ወይስ ለሰውዬው?»

አዳራሹ ዞሮ አየኝ። «ለባትሪው» አልኩና ተቀመጥኩ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋሽ ቱፋን ከግራና ከቀኝ ብብታቸውን ይዘው አስነሧቸው። ሬዲዮዋ በማስረጃነት ከፊታቸው ሄደች። ሽማግሌው ሲወጡ ባርኔጣቸውን ፈለጉ፤ ወንበሩ ሥር ወድቆ ነበር፤ ያነሣላቸው ሰው አልነበረም። እኔ አጠገቡ ነበርኩ።

አሁን ሰኞ ደረሰች። እዚህች ላይ ቀስ ብላችሁ አድምጡኝ፤ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ያሰብኩባት ሰኞ ናትና። ባትሪውን ተሸክሞ የመጣውን ወዛደር አሰናብቼ ከመኪናው ጀርባ ብቻዬን ተንበረከክሁ። ሽቦዋን እንዳለች ብተዋት፣ ባትሪው በሦስተኛው ቀን ይሞታል። ጋሽ ቱፋ ታስረዋል፤ ሬዲዮዋም ታስራለች፤ ስለዚህ የበላው ሌላ መሆኑን ዕውር እንኳ ያየዋል። ያን ጊዜ ይፈታሉ። ከዚያ ግን እንደገና ምርመራ፣ እንደገና «ማን?» ይመጣል፤ ምናልባት ሌላ ባለሙያ ይጠራል፤ እሱም የታጠፈውን ናስትሮ ያያል። ሽቦዋን ባዛውራት ደግሞ ባትሪው ይድናል። ባትሪው ከዳነ የገደለው የታሰረው ሰው ነው ማለት ነው። ጤነኛ ባትሪ ጋሽ ቱፋን ያስኮንናል፤ የታመመ ባትሪ ነፃ ያወጣቸዋል። በኤሌክትሪክ ትምህርት ቤት ይኼንን ያስተማረኝ የለም።

ሲስተር አፀደ በመስኮት ብቅ ብላ «ዛሬ ይነሣል፣ ጋሽ ዳምጤ? አርባ እናቶች ይመጡብኛል» አለችኝ።

ለሕፃናቱ ስል ነው አልኩ። እስከ ዛሬም ሚስቴ ስትጠይቀኝ ለሕፃናቱ ስል ነው እላታለሁ። የሹፌሩን ወንበር ብሎኖች ፈታሁ፤ በበዓሉ ዋዜማ ሰዓት ያላገኘሁለትን ሥራ በአርባ ደቂቃ ጨረስኩት። ናስትሮውን በቀኝ እጄ ጠመጠምኩ። ጄኔሬተሯ በመጀመሪያው ተነሣች፣ ድምጿም እንደዚያ አምሮ አያውቅም ነበር። በሦስተኛው ቀን ተነሣች፤ በሳምንቱም ተነሣች፤ በወሩም ተነሣች።

ጓድ ፈለቀ በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ይህንኑ እየቆጠሩ አስረዱ። ዘበኛው ሳሉ ባትሪው ሞተ፤ ዘበኛው ሲሄዱ ባትሪው ዳነ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል? ባልተማረው ሕዝብ ዘንድ እንኳ የማይካድ ነገር ነው ተባለ። ስለ ጥገናው ፍጥነት እኔ በስም ተጠቅሼ ተመሰገንኩ። ተጨበጨበልኝ። ቆሜ እጅ ነሣሁ።

የጋሽ ቱፋ ሚስት እማማ ጫልቱ በየቀኑ በደጄ ያልፉ ነበር፤ ስንቅ በሳህን አድርገው፣ በነጠላ ቋጥረው። ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ ሰውየው በሕይወት አሉ ማለት ነው። ከፋብሪካ ስመለስ መስኮቱ ላይ ሆኜ የእማማ ጫልቱን ሳህን አያለሁ። አንድ ቀን ሳህኑ እንደሞላ ተመለሰ፤ «ዛሬ አንቀበልም» ተብለው ነው። ያን ዕለት እኔም ሳልበላ አደርኩ። በማግሥቱ ተቀበሏቸው። በመንገድ ስንገናኝ አንድ ጊዜ እንኳ ቅሬታ አላሳዩኝም፤ እንዲያውም ጉንጬን ስመው «አንተ ልጄ ነህ» ይሉኝ ነበር። ከሳቸው ለመሸሽ ሌላ መንገድ ፈልጌ በጳውሎስ ሆስፒታል በኩል ዞሬ መሄድ ጀመርኩ። ሚስቴ «ምን ነካህ?» ትለኛለች።

ጋሽ ቱፋ በሰባተኛው ወር ተፈቱ። ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው እንዳልነበረ ሁሉ ለምን እንደተፈቱም የነገራቸው የለም። ግራ እግራቸው ይጎተታል። የላይኛው ጥርሳቸው የለም። በተፈቱ በሁለተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ በምርኩዝ እየተደገፉ ቤቴ መጡ። በሩን ስከፍት ያወቁብኝ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ያወቁብኝ ሲመስለኝ ትንሽ ቀለል አለኝ።

ገብተው ተቀመጡ። እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። ከዚያ፣ ጥርስ ስለሌላቸው ቃሉ እየተንሸራተተባቸው፣ «ዳምጤ፣ በዚያ አዳራሽ የሞላው ሰው ሁሉ ያውቀኝ ነበር። ተነሥተህ የተናገርክልኝ አንተ ብቻ ነህ። ሲመቱኝም ይኼንን አስብ ነበር፤ አንድ ሰው አለ እል ነበር» አሉኝ።

አሥሩ ቃል አፌ ላይ ነበር። ሚስቴ ከጓዳ ብቅ ብላ ቆማ ታያለች፤ ልጆቼ ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ቱፋ ምርኩዛቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው በመከራ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ሽማግሌ ሊመርቅ ሲነሣ ቁጭ ብሎ መቅረት ነውር ነው። ተነሣሁ። «እጅህ ይባረክ» ብለው ጀመሩ፤ «የሠራኸው ሁሉ ይቃናልህ። ልጆችህ አንተን ይምሰሉ።»

ሁለት እጄን ዘርግቼ አሜን አልኩ።